ከአጥሩ ወዲህ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጥን፣
በአንድ ክንድ መሬት ተካሰን፣ ተፋጥጠን።
እኔ ከአጥሩ ወዲህ፣ እሷ ከአጥሩ ወዲያ፤
ጉሙ ግን አንድ ነው፣ የለውም መለያ።
ቺሎዌ ደሴት ነው፤ ባሕሩ ሲተነፍስ
የሷንም የኔንም የድንች ቅጠል ሲያርስ
ይውላል፣ ያድራል።
ጥር ለኛ በጋ ነው፤ ሞቅ ብሎ ያካፋል፣
ዋግ እንዲህ ያለ ቀን ሳይጠሩት ይመጣል።

ከጎተራዬ ኋላ፣ የአምናው ድንች ክምር፣
አሳማ የናቀው፣ ሽታው የሚያሳፍር፣
"ነገ እቀብረዋለሁ" እያልኩኝ ሳሳድር
በቀለ። አበበ። ሐምራዊ፣ የሚያምር።
ደስ አለኝ እንዲያውም፤ ሳልደክም የበቀለ፣
ሳይዘሩት የሚያብብ በረከት መሰለ።

አንድ ማለዳ
ኤዴልሚራ ኮኙዌካር በጎማ ጫማዋ እስከ አጥሩ መጣች፣
ቅጠል ይዛ።
ገልብጣ አሳየችኝ፦ ከላይ ዘይት እንደነካው ጥቁር ጠብታ፣
ከጀርባው ነጭ ሻጋታ፣
በወንፊት የተነፋ ዱቄት የመሰለ።
ሰላምታ የለ፤ ስሜም የለ።
ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ቃል ሁለት ብቻ ሆነ፦
"ክምሩን ቅበረው።"

"ከድንበርሽ አትለፊ" ልላት ነበር። አፌን ከፈትኩ።
ነፋስ ከኋላዬ መጣ፣ የክምሩን ሽታ ይዞ፣
ማጅራቴን ነክቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣
ማሳዋ ገባ።
አፌን ዘጋሁ።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባላል፤ እኔ ግን የነቃሁት
ቅጠሉ ሲቃጠል ነው።
እስከ ወገቤ ቆፈርኩ። ቀበርኩት፣ ረገጥኩት።
የታመመውን ግንድ ነቅዬ በጆንያ ቋጠርኩት፣
ጤነኛውን እንዳይነካ ፈርቼ፣
እንደ ሌባ ቀስ ብዬ፣ ከደረቴ አጣብቄ አውጥቼ።
እሷም ወዲያ ማዶ ቅጠሉን አጨደች፤
ድንቹን ግን አልነካችም፣
ቆዳው እስኪጠና ከአፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየችው።
የመዳብ መርጫዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ ሄደች፤
ጣሳው ላይ በከሰል ጽፋለች፦
"ላልታመመው ነው። ለታመመው አይሆንም።"

ግማሽ ማሳ አጣች። እኔ ከዚያ በላይ።
ክሱ አልተዘጋም፤
ዳኛው በጥቅምት ሜትር ይዞ ይመጣል።
በመስከረም ግን፣ በመትከያው ሰሞን፣
ከደጄ ጆንያ አገኘሁ፣ ትንሽ፣ በሣር የታሰረ፦
ዋጉ ሁሉን ሲበላ አረንጓዴ የቀረው
የአንዲቱ መደብ ዘር።
ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ።
አንዱን ከአጥሩ ሥር ተከልኩት፣
በዚያች በምንካሰስባት ክንድ።