ቅንፍ

ከኩህሞ ካያኒ፣ ማልጄ ተነሥቼ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
ጥዱም በረዶውም፣ መንገድ የሚዘጋው አጋዘኑም ያውቀኝ።
ስለ ሲርካ ልንገር።
ግንድ በወንዝ ነጂው፣ የሽማግሌው የታውኖ ልጅ ናት፤
ጣቷን ከማውጣቷ በፊት አስባ፣ አስባ፣
አስባ ስትጨርስ ደወል የሚደወልባት።

ጄኔቭ ገባች አሉን። ሃያ ሁለት ዓመት ከሐይቅ ዳር አዳራሽ፣
ያገር ስም ከፊቷ፣
የሰው እስር፣ ግርፋት፣ ወረቀት እየሆነ ከጠረጴዛዋ ላይ እየተከመረ፤
ለገና ስትመጣ
ከእኛ የጠየቃት፣ ከእሷም የነገረን አንድ ቃል አልነበረ።

አንዴ ግን ሳውና ውስጥ፣ ፊት በማይታይበት በእንፋሎቱ መሀል፣
ለሚስቴ ለሄልሚ አንድ ነገር ብላታል፤
ስለ አንድ መምህር፣ ሩቅ አገር የታሰረ፣
ስሙን ተነጥቆ «ሁለት መቶ ስምንት» በሚል ቁጥር የቀረ።
ሦስት ሌሊት ሙሉ ስለ እሱ በሚጻፍ ባንድ ዓረፍተ ነገር
«እናወግዛለን» ወይስ «ያሳስበናል» ሲካሄድ ክርክር፣
ቃሉን በቅንፍ አስረው ያሳድሩት ነበር።
በሦስተኛው ንጋት ቅንፉ ተከፈተ፤
«ያሳስበናል» ወጣ።
መምህሩ አልወጣም፤ በጥቅምት ውስጥ ሞተ።

ሄልሚ ከጋለው ድንጋይ ውሃ ጨመረችበት።
ሌላ ምን ትበላት?

በሚያዝያ ጭቃ፣ ገበያው መሀል ላይ፣ ድንኳን ተተከለ፤
የአተር ሾርባ ድስት፣ ቂጡ የከሰለ፤
ጭልፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ።
በእኛ አገር ምርጫ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው።
አንድ መቶ አርባ ሦስት ደረሳት፤ ፖስተሩን ስሰቅል
ከፎቶዋ በላይ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ስትነክስ
ብርዱ ነው ያልኩት ነው።

ገበሬው ኦይቫ ሳህኑን ዘረጋ፤
«የማዋለጃው ክፍል ከተዘጋ ወዲህ
የወንድሜ ሚስት መኪና ውስጥ ወልዳ ልንቀብራት ነበር፤
ምን ልታደርጊ ነው?»
ሲርካ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «ያነሡትን ጉዳይ በጥልቅ ትኩረት…»
«ኧረ ተይኝ!» አላት። «ታስከፍቻለሽ ወይስ አታስከፍቺም?»
ጭልፋዬ ባየር ቆመ።
«አላውቅም።»
ኦይቫ አያት፣ አያት፣ ሳህኑን ደገመ።

በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ አለፈች።

የማዋለጃው በር ዛሬም ዝግ ነው እንጂ፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ ማክሰኞ ማክሰኞ
በሷ ልፋት መጥታለች፤ ልዋሽ አልፈልግም።
ከዚያ ያ ሕግ መጣ፤
በጫካ አቋርጦ ድንበር የገባውን፣
ስሙንም ሳትጠይቅ፣ መልሰው የሚል ሕግ።
እኛ የድንበር ሰው ነን፣ ሌት ውሻ ሲጮኽ ከእንቅልፍ የምንባንን፤
ፓርቲው አረንጓዴ፣ እኛም በየስልኩ አረንጓዴ አልናት፣
«አደራሽን፣ ልጃችን።»
ቢጫ ቁልፍም አለ፣ ድምፀ ተአቅቦ፣ የጄኔቭ ቀለም፤
ጣቷ የለመደው፣ ማንንም ደግሞ ማንንም የማያስቀይም።

በቴሌቪዥን አየናት። አሰበች፣ አሰበች፣
ያኔ እንደ ክፍላችን፤
ደወሉ ሳይደወል ቀዩን ተጫነች።
«ድንበሩን መች ጠላሁ? ስሙ ይጠየቅ ነው» ብትልም በኋላ፣
ማን ሊሰማት ኖሯል።

ሌላ ሚያዝያ መጣ፣ ሌላም ቁጥር ወጣላት፤ ሰማንያ ስድስት።
ከካርቶን መጋረጃው፣ እርሳሱ በክር ታስሮ፣ ብቻዬን ቆምኩበት።
ስምንትን ጻፍኩና ስድስቱ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤
ዘጠኝ አስከተልኩ።
ሰማንያ ዘጠኝን ዛሬም አላውቀው፤ ያ ሰው ማንም ይሁን።
በሰባት ድምፅ ቀረች።

ዛሬ ጠዋት መጣች፣ ካያኒ ልትወርድ።
«ተይው» ብላት እንኳ ሳንቲሙን ቆጥራ ከመዳፌ ጣለች፤
ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ልክ ከጀርባዬ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች።
ስልሳ ኪሎ ሜትር ዝም። የበረዶ መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ።
«ሄልሚ ጉልበቷን ተሻላት?»
«ተሻላት» አልኩኝ።
የቀረው ቃል መጥቶ ከጥርሴ ኋላ ቆሟል፣ በቅንፍ እንዳለ፤
ልፈታው ስል፣
አጋዘን መንገድ ገባ። ፍሬን ያዝኩ።
መብራታችን ውስጥ ቆሞ አየን። አልቸኮለ።
ሲርካ ዝቅ ባለ ድምፅ
«ይለፍ» አለች።