ቆጣሪ

መስኮቱ ወደ ቸርችል ያያል፤
ታች ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል፤
እዚህ ማሽኑ ስለ አባቴ ይተነፍሳል።

አባቴ መብራት ኃይል ነበረ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መሰላል ተሸክሞ የዞረ፤
ቢል ያልከፈለን ሰው መስመር
ሲቆርጥ የኖረ።

አንድ ቀን ሰንጋ ተራ፣ የስድስት ወር ዕዳ ያለበት ጓሮ፣
ፒንሳውን ከፍቶ በሽንቁር ቢያይ ከላይ ከቆርቆሮ፦
አራስ ሴት፣ አንዲት አምፖል፣ ጡት ያልያዘ ልጅ።
ወረደ። መዝገቡ ላይ «በሩ ዝግ ነው» ብሎ ጻፈ በገዛ እጅ።
«ውሸቴን» ይል ነበር፣ «ላይ ያለው ቆጣሪ ያንብበው እንጂ።»

ዛሬ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።
ዶክተር ኢብሳ ቁርጡን ነገረኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«አንጎላቸው ሄዷል። እኛ የያዝነው ደረታቸውን ነው።»
እህቴ የውብዳር በሃይላንድ ካመጣችው ጠበል
ከንፈሩን በጥጥ ታርሳለች፤
«ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው» ትላለች።
መቁረጥ!
እኛን ያሳደገ ቃል፤
የደብተሬ ዋጋ በእሱ ተከፍሏል።

መምሬ ልሳነወርቅን ጠየቅኋቸው።
«የሰጠ ይወስዳል» አሉ።
«ቱቦውንስ ማን ሰጠው?»
መቋሚያቸውን አገላበጡት።
«ልጄ፣ ስለ ሶኬት የተጻፈ አላነበብሁም» አሉና አለቀሱ።

ኮሪደሩ ላይ ከቡታጅራ የመጣው ከድር
ለወንድሙ ልጅ፣ ፊኛ እየጨመቀ፣ አየር ሲሰፍር፤
ከትናንት መግሪብ ጀምሮ፣ ማሽን እስኪለቀቅ።
ቀና ብሎ አያየኝም።
ምናለ አንዴ እንኳ ቢለምነኝ!

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ሄደ።
ቸርችል ከላይ እስከ ታች ጨለመ፤
የማሽኑ ባትሪ ከሞተ ሰንብቷል።
እኔም፣ ይቅር በለኝ፣ ልቤ «ተመስገን» አለ፤
ያለ ፊርማዬ፣ ያለ እጄ...
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ጄነሬተሩ ከምድር ቤት አጓራ፣
ደረቱ እንደገና ከፍ አለ።
ያቺ «ተመስገን» ግን
ተቆጥራለች።

ወጣሁ። «እጅህን አሳርፍ» አልኩት ከድርን።
ፊኛውን ተቀበልኩ።
ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጨመቅ፣ ለቀቅ።
ጭንብሉ ላይ ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል።
ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤
እስክሪብቶውን ዶክተሩ ረስቶት ሄዷል።

አባዬ፣ መሰላልህ ላይ ነኝ፤
በሁለት ሽንቁር አያለሁ።
«በሩ ዝግ ነው» የምለው
የትኛውን ነው?