ደረሰኝ ያልቀረበበት ሦስት መቶ ብር

ሂሳቡን ልከናል፣ አቶ ጉልላት፣ በአራት ገጽ፣ በማኅተም፤
ስድሳ ሺህ ብራችሁ ከነሳንቲሙ፣ ጠፋ የምንለው የለም።
ለችግኝ ይሄን ያህል፣ ለአካፋ ይሄን ያህል፣ ለአጥር ሽቦና ሚስማር፣
ለልጆቹ ቦቲ ጫማ፣ ለማጉያ መነጽር፣ ለዳቦና ለሙዝ ጭምር።

አንዲት መስመር ብቻ ከሌሎቹ ተለይታ፣
በቀይ እስክርቢቶ ተከብባ ተመልሳ መጣች ትናንት ማታ፦
«ሦስት መቶ ብር። ለማን? ለምን? ደረሰኙ የታል?» ትላለች።
ደረሰኝ የላትም። ግን ታሪክ አላት፤ እንዲህ ሆና ነው የወጣች።

ከካራ አሎ ወደ ላይ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ታክሲው «መጨረሻ!» ብሎ አፍንጫውን ከሚያዞርበት፣
የእኛ ትምህርት ቤት አለ፤ ጀርባው ተራራ፣ ፊቱ ኮንዶሚኒየም፣
ከጫካ ሥር ተቀምጦ ስለ ጫካው የሚያውቅ የለም።

ማመልከቻውን ስንጽፍ እኔ ነኝ ቃል ያበዛሁት፣
«ዘጠኝ መቶ አገር በቀል ዛፍ፣ የመስክ ትምህርት» ያልሁት።
የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሕዋስን በጠመኔ የማሳይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ከዳገቱ ሥር፣ አንድ ቀን ዳገቱን ሳላይ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሠላሳ አራት ልጅ አስከትዬ፣
ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆምሁ፣ «ልጆች፣ ይህ ወይራ ነው» ብዬ።
ከዳገቱ አንድ ሸክም ወረደ፣ በሁለት እግር የሚሄድ፤
ከሥሩ ሴት እንዳለች ያወቅሁት ቆማ ስታየን ከመንገድ።

«ይሄ ወይራ አይደለም» አለች፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣ አንገቷን ሳታቀና፣
«ወይራው ከታች ቀረ፤ አልፋችሁት መጣችሁና።
ይሄ ጥቁር እንጨት ነው። ቅጠሉን ቀጥፋችሁ እሹት፣
ከዚያ ለአስተማሪያችሁ ስጡትና እሱም ያሽትት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አፈርሁ።
ስሟን ስጠይቃት «ዲንቂቱ» አለች፤ ሸክሟን አግዤ አወረድሁ።

ያን ቀን ያስተማረች እሷ ናት፣
እኔ ያዝሁላት ሰዓት።
ጃርት የት እንደሚቆፍር፣ ምንጩ በበጋ የት እንደሚሸሽ፣
የትኛው እንጨት ቶሎ እንደሚነድ፣ የትኛው ሲጤስ እንደሚያመሽ፣
ግንደ ቆርቁር ካንኳኳበት ግንድ ውስጥ ትል እንዳለ፣
ባሕር ዛፍ ከበዛበት ጓሮ ምንጭ ጨክኖ እንደኮበለለ።
ቶሌራ የሚባል ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ፣
ቆጠርሁ፤ ሰባቴ ሲጠይቅ።

ሲመሻሽ ጥበቃው መጣ፣ አቶ ሽብሩ፣ ዱላውን አስቀድሞ፣
«እንጨቱ ይወረሳል» አለ፣ ከሸክሙ አጠገብ ቆሞ።
ሕጉን አልከሰስሁም፤ «ጫካው ይጠበቅ» ያልሁት እኔው ነኝ፣
በፊርማዬ፣ በማመልከቻው፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ የሚገኝ።

እንጨቱ ሄደ። የቀን ገቢዋ፣ የሦስት ልጅ ራት፤
ከዳቦው በጀት ቆጥሬ ሦስት መቶ ብር ሰጠኋት።
ደብተር ቀድጄ «ፈርሚ» ብላት ዘረጋችልኝ አውራ ጣቷን፣
ቀለም አልነበረንም፤ ጭቃ ነው የያዘው አሻራዋን።
አባሪ ሰባት እሱ ነው። በስካን አልወጣም፤ ደብዝዟል።
ዋናው እኔ ጋ አለ፤ አፈሩ ትንሽ ረግፏል።

ልክ ነዎት፤ በበጀቱ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ርዕስ የለም።
«አሠልጣኝ» ዲግሪ ይጠይቃል፤ «የቀን ሠራተኛ» አይደለችም፤
«ተጠቃሚ» ልላት ነበር፤ እስክርቢቶዬ ግን አልቀጠለም።

ስለ ችግኞቹ የጠየቁኝ፦ ከዘጠኝ መቶው የጸደቀው
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነው። ብዙውን ጃርት ነው የነቀለው፣
የቀረውን ክረምቱ፤ ጥቂቱን እኛው፣ ባለማወቅ።
(«እዚህ ውሃ ይተኛል» ብላን ነበር ሰኔ ላይ። እኛ «ፕላን አለን» ብለን ድርቅ።)

ቅጹ መጨረሻ ላይ ይጠይቃል፦ «ድጋፉ ሲያልቅ ማን ይቀጥላል?»
አላውቅም። ሰኞ እሷ እንጨት ትለቅማለች፤ አቶ ሽብሩ ይጠብቃል።
ቅዳሜ ልጆቹ ደጇ ሄደው «ዛሬስ ወዴት ነው?» ይሏታል፤
አንዳንዴ ትወጣለች፤ አንዳንዴ ራት ይጎድላታል።

አንድ ነገር ቀርቷል፦ የግንድ ዙሪያ መለኪያ ሜትር፣
አራት መቶ ብር በበጀቱ ተይዞለት የነበር፣
አልገዛነውም። የሸክም ገመዷን ሰጥታናለች፤
በክንድ በክንድ ቋጥራ «ይሄ አይበጠስም» ብላለች።
ጥቁር እንጨቱን ዞርንበት፦ ሦስት ክንድ ከስንዝር።
ሦስት መቶውን ከዚያ ይቀንሱት። ገመዱስ፣ ይግባ በየትኛው መስመር?