ጠበቀ

ካርሚኤል፣ ከኮረብታው ሥር፣ መስኮት በሌለው አዳራሽ፣
አራት ብሎን አለኝ ለአንድ ክንፍ፣ ለአንድ ራስ።
ቁልፉን አዞራለሁ፤ «ጣ» ሲል ይበቃዋል፣
ከዚያ ወዲያ ቢያዞሩት ጥርሱ ይበላል።
ቫዲም ከጀርባዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ቲራ» ይለኛል ትርንጎን፣ የስሜን እኩሌታ ጥሎ፤
«ጠበቀ?»

እሱ የሚጠይቀኝ በዕብራይስጥ ነው፣
እኔ ጆሮ ሲደርስ ግን አማርኛ ነው።
ጠበቀ፦ ብሎኑ አልላላም።
ጠበቀ፦ ደጅ አደረ፣ ሌባ አላስገባም።
ጠበቀ፦ ቆየ፣ ሰውየው እስኪመጣ።
ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ፣ ዕዳው ለየብቻ።

ጥይት እንኳ ችኩል ነው፣ ከአፈሙዝ ከወጣ ዞሮ አያይም።
ይህ የእጄ ሥራ ግን አይቸኩልም።
እንደ ነገረኛ ጎረቤት ከደመናው ሥር ይመላለሳል፤
ማን ሞተር ብስክሌቱን እንዳስነሳ፣
ማን ጣራው ላይ ልብስ እንዳሰጣ፣
ማን ከማን ቤት አምሽቶ እንደወጣ ያያል።
ባትሪው እስኪደክም አርባ ደቂቃ ዕድሜ አለው፣
አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን አይጨፍን።
ከወረደም በኋላ ፎክሮ የሚመለስ ገዳይ የለም፤
ከሟቹ ጋር አንድ አፈር ይሆናል።

ልጄ አሚሃይ ተጠባባቂ ጦር ነው
(ቃሉ እዚያም ድረስ ተከተለኝ)።
ደቡብ፣ ብረት ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ፊት ይቀመጣል፤
እኔ ያጠበቅሁትን እሱ ይለቃል።
ሰንበት ሲወጣ ደወለ።
«እማ፣ አንዱን መለስኩት» አለ።
«በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ወጣች፣ ምንጣፍ ልታራግፍ።
አራት ሰከንድ ሲቀረው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀናሁት።»
ተመስገን አልኩ።
ያልመለሰውን አልጠየቅሁትም።
እሱም አልነገረኝም።
ዝምታው ከስልኩ ወጥቶ ማድቤቴ ውስጥ ሲያንዣብብ አመሸ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ ሳይረኑ ጮኸ።
የመጅድ አል-ክሩሙ ሾፌር፣ ነዚህ፣ አውቶቡሱን አቆመ፤
«ውረዱ! ተኙ!»
ወይራ ሥር፣ በሆዴ፣ እጄን ራሴ ላይ፤
በቀኜ ነዚህ፣ በግራዬ ቦርሳዋን ያቀፈች ተማሪ።
ከሰሜን መጣ። አላየሁትም፣ ሰማሁት።
ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣
ስንት ዓመት የሙከራ ጠረጴዛ ላይ በጆሮዬ የመዘንኩት።
ከኛው ቀጠን ይላል፣ ትንሽ ይንገጫገጫል።
አንድ ብሎን ላልቶበታል፣ አልኩ በልቤ።
የፊተኛው። የግራው።

እንግዲህ ማዶም አንዲት ሴት አለች፣
ከጀርባዋ የሷ ቫዲም ቆሞባት፣
አራተኛው ሳይጠብቅ ሰዓት ደርሶባት፣
ወገቧን ይዛ የወጣች።
ምስጋናዬን ለማን እንደምሰጥ ጠፋኝ፤
ለድካሟ ሰጠሁት።

ዞረ። ደግሞ ዞረ።
ነዚህ በዓረብኛ ይቆጥራል፣ እኔ በአማርኛ፣
ልጅቷ አትቆጥርም።
ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ። መሬቱ ሆዴን መታኝ።
ተነሣን። ነዚህ የጉልበቱን አፈር አራግፎ
«ሳይከፍል የተሳፈረ አሁን ይናዘዝ!» አለ።
ማንም አልሳቀ። ሁለት ፌርማታ አልፈን
ሁላችንም ሳቅን፣ ተማሪዋ እያለቀሰች።

ረቡዕ። አዳራሹ። አራቱ ብሎን።
ሦስቱን አጠበቅሁ። አራተኛው መዳፌ ላይ ቆየ፣
ከስንዴ ዘለላ አንዲት ፍሬ አይከብድም።
ባላላው፣ ምንጣፍ ይዛ የወጣችው ቤቷ ትገባ ይሆናል።
ባላላው፣ የተሳተው ነገር ነገ ወይራው ሥር ያገኘን ይሆናል፣
ነዚህን፣ ልጅቷን፣ እኔን።
ወይም ምንም አይሆን ይሆናል፤
ፈታሹ ማሽን ይይዘውና
ቫዲም ይቆጣኛል፣ በቃ።

እርምጃው ተሰማ። የሻይ ሽታው ቀድሞት መጣ።
«ጠበቀ?»

ቁልፉ «ጣ» አለ።

«ጠበቀ» አልኩት።
ማን ማንን፣ አልጠየቀኝም።