ቻናል አሥራ አራት

ስድስት መብራት መጣልን፣ በካርቶን፣ ከሰው እጅ ዞሮ፤
መመሪያው የለ፣ የሠሪው ስም ከጎኑ ተፍቆ፣ ተሰውሮ፤
አንዱ አንገቱ የላላ፣ አንዱ ሆዱ ውስጥ የሞተ በረሮ።
"አሥራ ስድስት ቻናል አለው" አለ ሻጩ፣ "የቀረውን እናንተ ድረሱበት።"
ባጃጁ ታጠፈች ወደ አባይ ድልድይ፣ ዘምባባ በተደረደረበት።

አምና ከሌላ መብራት ፋይል ገልብጠን፣ "ይመሳሰላል" ብለን፣
አንድ ቁጥር አልፈተሽንም፣ ለበዓሉ ቸኩለን፤
የውብዳር ባሏን ጣና የበላባት ሆና መድረክ ላይ ስትወድቅ፣
ደብዛዛ ሰማያዊ አዝዤ፣ ቀይ ወጣ፤ ያውም ብልጭ ድርግም የሚል፣ እንደ ሠርግ ቤት የሚደምቅ።
ሦስት መቶ ሰው ባንድ አፍ ሳቀ።
እሷ ግን አልተነሣችም፤ እዚያው ቆየች፣ መጋረጃው እስኪዘጋ ስትጠብቅ።

መብራቱ አልዋሸም።
ውሸቱ የኔ ነበር፤ ያለ ስሙ ስጠራው እንኳ አልሸሸም።

ዘንድሮ ግን ማታ ማታ፣ ባሕር ዳር ስትተኛ፣ ከአንለይ ጋር፣
(ስሙን ልብ በሉ፤ አንለይ! ሥራችን ደግሞ መለየት ነው፣ አንዱን ቻናል ከሌላው፣ በቁጥር)
ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ እንደ መቁጠሪያ፣ በጥሞና፤
እኔ ከኮምፒውተሩ፣ እሱ ከመሰላሉ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከጣና።

"አንድ?" "አንገቱን ያዞራል።" "ሁለት?" "ቀና ይላል፣ ይደፋል።"
"ሦስት?" "ያው አንገቱ ነው፤ ግን በስሱ፣ እንደ ጸጉር ስንጥቅ ያልፋል።"
"ስድስት?" "ቀለም።" "ቀለም አይበቃኝም፤ የት ላይ ነው ቢጫው የሚያበቃ?"
"ሃያ አንድ ላይ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ እንዳልበሰለ ማንጎ፤ ሃያ ሁለት ላይ ጠራ፣ በቃ!"
ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ዝርዝር ፍቺ እንለዋለን፤ የመብራቱ ፍቺ።
ሚስቴ በስልክ፣ "ማን ከማን?" አለች፤ "በእኩለ ሌሊት ምን አገባህ በሰው ፍቺ!"

ዘጠነኛው ላይ መብራት ሄደ። መብራቱም ሄደ። ኃይሉን ማለቴ ነው፤ አምፖሉንም፤
እኛ ለሁለቱም አንድ ስም አለን፤ ይህን ለኮምፒውተሩ ብነግረው አይገባውም።
በጨለማው ቁጭ አልን። ከወዲያ፣ ከእምቦጩ ሥር፣ ጉማሬ አንዴ አጓራ፤
አንለይ በስልኩ ባትሪ ደብተሩን አነበበልኝ፣ ከአንድ እስከ ስምንት፣ በየተራ።

መብራት ሲመጣ አሥራ ሦስት ደረስን። አሥራ አራት ግን ዝም አለ።
ዜሮ፣ ዝም። መቶ፣ ዝም። ሁለት መቶ፣ ያው፣ ዝም እንዳለ።
"'ባዶ' ብለን እንለፈዋ" አለ አንለይ፤ እንቅልፍ ዓይኑን ይዞታል፤
"ባዶ ማለትና አላውቅም ማለት" አልኩት፣ "አንድ ይመስልሃል?"
ጻፍኩ፦ አሥራ አራት፣ ያልታወቀ።
መግፊያውን ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ትቼው ኖሮ፣ አምስት ሰከንድ አለቀ፤

ጠቅ አለ። አንገቱን ሰበረ፣ ቀና አለ፣ ዞረ ክብ፣
ሰው ቤት አድሮ እንደነቃ ሕፃን፣ የት እንዳለ ሊያስብ፤
ከዚያ በክፍቱ መስኮት ነጭ ብርሃኑን ዘረጋ፣ ሐይቁ ድረስ፣
በደንገሉ ላይ፣ በእምቦጩ ላይ፣ ብቻዋን ከቆመች ታንኳ እስኪደርስ።
"ራሱን እንደ አዲስ ማስጀመሪያው ነው!" ጮኸ አንለይ ከላይ፤
"አምስት ሰከንድ ብለህ ጻፍ! ጉድ እንዳይሠራን ትርኢት ላይ!"
"ያልታወቀ" የሚለውን ሰረዝኩት።

ሲነጋ አንድ ዓሣ አስጋሪ በራፉ ላይ፣ ሁለት ቀረሶ በሲባጎ አንጠልጥሎ፣
"ሌሊት የበራው የናንተ ነው? መረቤ ተተብትቦብኝ ነበር፤ በሱ ፈታሁት" አለ፣ ፈገግ ብሎ።
"የቀሩት አምስቱ ያው ናቸው፤ ይመሳሰላሉ" አለኝ አንለይ፣ ዓሣውን ተቀብሎ።
መሰላሉን አንሥቼ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።
አየኝ፤ ተከተለኝ፤ ቀረሶውን ወንበር ላይ ጥሎ።