ጳጉሜ ሦስት በቅንፍ ውስጥ

ከሽምብጥ ወዲህ ነን፣ ከሐይቁ አፋፍ ላይ፤
ከቢሯችን መስኮት ታንኳ ሲያልፍ ይታያል፣ እምቦጭም ይታያል፣
መብራቱ ሄዶ ይመጣል።

ደብተሩ የአትጠገብ ነው፤ በሰማያዊ ቀለም፣
ጠርዙን ውሃ ነክቶታል፣ አንድ ቀን ግን አልዘለለም፤
ማን ስንት እንዳወጣ፣ ይመርም ኑርዬም፣
ነፋስ የነፈሰበት፣ መረብ የተበጠሰበት፣ ሁሉም።
ክረምቱን ሙሉ በአር ቋንቋ ሰንጠረዥ አደረግሁት፤
አሁን ወደ ጄሰን ልለውጠው፣ ሌላ ዳር ላሻግረው ያዝሁት፤
ጎንደር ያለው ማሽን ሰንጠረዥ አይገባውም፣
ከቅንፍ በቀር ቋንቋ የለውም።

«ጄሰን ማን ነው?» አለኝ ይመር ትናንት ማታ
ከደንገሉ አጠገብ መረቡን ሲፈታ፤
«የማን ልጅ ነው? ዓሣዬን ምን ያደርገዋል?»
«ሰው አይደለም» አልኩት፣ «እንደ ታንኳ በለው፤
ስምና ዋጋ አጣምሮ ይጭናል፣ ያሻግራል።»
ሳቀ። «ታንኳ ከሆነማ ውሃ ያስገባል።»

አልዋሸም።

መጀመሪያ ሰንጠረዡ በረድፍ በረድፍ ይፈታል፤
ጥምዝ ቅንፍ ለብሶ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፦
አሥጋሪ፣ ሁለት ነጥብ፣ ይመር።
ዝርያ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቆሮሶ።
ክብደት፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ኪሎ ከሩብ።
ደስ ይላል ሲነበብ።

ግን አር ብቸኛ የሚባል ነገር አያውቅም፤
ለእሱ አንድም ቢሆን ሰልፍ ነው፣ ርዝመቱ አንድ የሆነ።
ከሰንጠረዡ ውጭ በዝርዝር የተያዘች፣
ኑርዬ በሰኔ ያገኛት አንዲት አምባዛ
በአራት ማዕዘን ሳጥን ታሽጋ ወጣች፣ ጓደኛ እንዳላት ሁሉ።
«ሳጥኑን ፍታ» የምትል ትእዛዝ አለች፤ ጻፍኳት፤
አምባዛዋን ፈታኋት።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች።
አትጠገብ ጽፋለች፦ ጳጉሜ ሦስት። ዝናብ።
ልጆች ከየደጁ ወጥተው በሩፋኤል ውሃ ተጠመቁ።
ይመር፣ ቆሮሶ፣ ሰባት።
አልተመዘነም፤ ለለቅሶ ቤት ሄደ።

አሥራ ሦስት አልኩት፣ ሰረዝ፣ ሦስት፤
አር ፈለገ፣ ፈለገ፣ እንዲህ ያለ ወር አጣ፣
በሁለት ፊደል «የለም» ብሎ ወጣ።
ክብደቱ ድሮም ባዶ ነበር፤ ቀኑም ባዶ ሆነ።
ባዶን ደግሞ አይጭኑትም፣ ካልነገሯቸው በቀር፤
ዓምዱ ከነስሙ ወድቆ ነው ረድፉ የሚሻገር።
እነሆ ቀን የሌለው ይመር፣ ክብደት የሌለው ዓሣ፤
ዝናቡ አልዘነበም፣ ልጆቹ አልረጠቡም፣
እዚያ ቤት ማንም አልሞተም።

ዜሮ ልጽፍ አሰብኩ። እጄ ከቁልፉ ላይ ቀረ፤
ዜሮ ውሸት ነው፤ ዓሣው ነበረ፣
ለቀስተኛ በልቶት አደረ።

ቀኑን ወደ ቃል መለስኩት። በሁለት ጥቅስ መካከል
ጳጉሜ ሦስት፣ በአትጠገብ አጻጻፍ፣ እንዳለች ትቀመጥ።
ክብደቱንም አዘዝኩት፦ ባዶ ከሆንክ ባዶ ነኝ በል፤
ስምህን ይዘህ ተሻገር፣ ቦታህን አትልቀቅ፤
የጎንደሩ ማሽን «እዚህ ጋ ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቅ።

መብራት ሳይሄድ ላክሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ
ይመር በመስኮቱ በኩል ብቅ አለ፣ እጅጌው እንደራሰ።
«ደረሰ?»
«ደረሰ።»
«የለቅሶ ቤቷም?»
ረድፏን አሳየሁት። ባዶ የሚለውን
በእርጥብ ጣቱ ነካው፣ ጠብታዋ ቅንፉ ላይ ቀረች።
ትንሽ ዝም አለ።
«ትልልቅ ነበሩ» አለኝ።