ሌሊት አሥር ሰዓት

ሌሊት አሥር ሰዓት፤ ባዝል ዝናብ ለብሳ፣
ራይን በድልድዩ ሥር ያጉረመርማል፣ እንደተከለከለ ካሳ።
እኔ ድራጋና፣ የሌሊት ተረኛ፣
የባትሪዬን ብርሃን በመዳፌ ጋርጄ፣ እንደ ሌባ ጓደኛ፣
ሦስት ብልቃጥ ይዤ፣ አንዲት ቀጭን መርፌ፣
በሩን በክርኔ ገፍቼ፣ በጎማ ጫማዬ ተንሳፍፌ፣
ገባሁ ከፍሬኒ ክፍል።

ፍሬኒ ኤሽባኸር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የትራም ሾፌር።
ባለፈው ሳምንት ክንዷን ሰጥታኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እንዲህ ስትል ነበር፦
«በዚህ ሰዓት ነው አረንጓዴውን ትራም ከማደሪያው የማወጣው፣ በረዶውን ስሰብር፤
ከኋላዬ ሰው የለም፤ ባዶ ወንበር በባዶ ወንበር።
ደወሉን እመታለሁ፤ ለማንም አይደለም፤ እኔ መኖሬን ለማወቅ።
ጡረታ ወጥቼ ልተኛ ስል ደግሞ፣ ያንቺ መርፌ መጣ እንቅልፌን ሊሰርቅ።»

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሃያ ስምንት ሴቶች፣ ጡታቸው የታመመ፤
ረፋድ አራት ሰዓት ደማቸው ይቀዳል፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ይደገማል፣ ብልቃጡ ላይ ሰዓቱ የታተመ።
ጥያቄው አንድ ነው፦ መቼ ነው የሚወጣው?
ከእብጠቱ ተገንጥሎ፣ በደም ሐዲድ ተሳፍሮ፣
ማደሪያ ፍለጋ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ የሚመጣው?

ምድር ቤት ኒሮሻን ይቆጥራል፣ በማጉያው አጎንብሶ፣
ቀዝቃዛ ሩዝ በሳህን፣ አንድ ጆሮው በክሪኬት ተወርሶ።
የቀኑ ብልቃጥ፦ አንድ። ፈልጎ ፈልጎ፣ አንድ።
የሌሊቱ ብልቃጥ፦ አሥራ ሰባት።
ክሪኬቱን አጠፋው። ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ሰባት።
ምንም ሳይናገር ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ከማጉያው ፊት።
ሰማያዊ ነጥብ፣ ጠርዙ የሚያበራ፤
ማማሩ አናደደኝ። እንዲህ ያለ መልክ ይዞ፣ እንዲያ ያለ ሥራ?

ልነግራት አይገባም ነበር፤ ደንቡ ይከለክላል።
ግን ፍሬኒ ፊት ታነባለች፤ ሾፌር በመስታወቱ ስንት ፊት ያያል።
«ስተኛ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ስተኛ ነው እንግዲህ፤
እኔ ትራሴን ሳቅፍ፣ እነሱ ያለ ትኬት ይሳፈራሉ፣ በዚህ፣»
አለችና የክንዷን ሥር በጣቷ መታች።
ሳቀች። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ ሳያልፍ ዋጠች።
«ታዲያ ነቅቼ ልደር? ጡረታዬን ልመልስ?
ለገዛ ደሜ ዘብ ልቁም፣ ደንብ ልብሴን ልልበስ?»

እንቅልፍን ጠላትሽ ነው ልላት? ሐሰት ነው።
ገላም የሚጠገን፣ ልብም የሚያርፈው በእንቅልፍ ነው።
ኒሮሻን ያለኝን ነገርኳት፦ ገና ነው፤ አናውቅም፤
ሃያ ስምንት ሴት የዓለም ሴት አይደለም፤ አንድ ብልቃጥ ፍርድ አይሰጥም።
ምናልባት አንድ ቀን መድኃኒቱ የሚሰጥበት ሰዓት ይለወጥ ይሆናል፤
ሌባው ሌሊት ሲወጣ፣ ቀን ባዶ ደጃፍ የሚጠብቅ ማንን ይይዛል?

«ለኔ ይደርሳል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጥጡን ክንዷ ላይ ተጫንኩት፤
ደሙ ከቆመ በኋላም፣ ትንሽ አቆየሁት።

«እሺ» አለች ፍሬኒ፤ «የመጀመሪያውን ትራም ለራሴ ብዬ አልነዳሁም፤
ለዳቦ ጋጋሪዎች ነው፣ ለጠራጊዎች፣ ሰባተኛው ማቆሚያ ላይ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ለሚቆሙ፤ ስማቸውን አላውቅም።
ነገም ነይ። በሩን ግን እንደ ሌባ አትግፊ፤ አንኳኪ።»

ከዚያ ተኛች። የምሯን ተኛች፣ አፏን ከፍታ።
ከታች መታጠፊያው ላይ የመጀመሪያው ትራም ደወሉን መታ፣
ባዶ ወንበሩን ጭኖ።

ብልቃጦቹ በእጄ ሞቀው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፤
ሰዓቱን ጻፍኩ፦ አሥር ከአርባ ሁለት።
ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ።